የድሮውን አድራሻ የያዘው ማን ነው?

የወረዳና የከተማ መሥሪያ ቤቶች የአይሲቲ ባለሙያዎች፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፤

ከሞላሌ፣ ከወገሬ፣ ከዘመሮና ከራቤል የመጣችሁ፣ ይልቁንም ከዓለም ከተማ ተነሥታችሁ የጀማን ሸለቆ ተሻግራችሁ፣ ዙሪያ ጥምጥሙን መንገድ ችላችሁ መሐል ሜዳ የደረሳችሁ፣ ድካማችሁን አከብራለሁ። ስትጋብዙኝ የሰጣችሁኝ ርእስ አንድ ጥያቄ ነው። «ሰርቨር ከተዛወረ በኋላ ከውጭ የሚላክልን ኢሜይል እየደረሰ፣ ከጎን ቢሮ የሚላከው ለምን ይመለሳል?» ብላችኋል። ይህ የደጋ ወረዳዎች ብቻ ችግር አይደለም። አዲስ አበባም ይሁን ናይሮቢ፣ ሰርቨር ያዛወረ መሥሪያ ቤት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገጥመው ነው።

መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁና ቀሪውን ጊዜ ለማብራሪያው ላውለው። የውጭ ሰው አድራሻችሁን በቃሉ አያውቀውም፤ ኢሜይል በላከ ቁጥር የእሱ ሰርቨር «የዚህ መሥሪያ ቤት ኢሜይል የሚቀበለው የትኛው ሰርቨር ነው?» ብሎ በዲ.ኤን.ኤስ. ይጠይቃል፤ አዲሱን አድራሻ ይነገረዋል፤ ይደርሳል። የቤት ውስጥ ኮምፒዩተር፣ የቤት ውስጥ ሰርቨር፣ የቤት ውስጥ ስካነር ግን አይጠይቅም። ያውቀዋላ! የሚያውቀው ደግሞ የትናንቱን ነው። እንግዳው ጠይቆ ሲደርስ የቤቱ ሰው አውቃለሁ ብሎ ይስታል። ስለዚህ የውስጥ ኢሜይል ሲመለስ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ የድሮውን አድራሻ የያዘው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ዛሬ ደጋግሜ አነሣዋለሁ፤ ደጋግሜ የማነሣው ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ይዛችሁት እንድትሄዱ ነው።

በቅድሚያ ግን ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስበኝ ልናገር።

ኢሜይል ሁለት ሦስት ጊዜ የተመለሰበት ሠራተኛ እንደገና አይሞክርም። ስልኩን አውጥቶ ሰነዱን በቴሌግራም ይልካል፤ ወይም በግል ጂሜይሉ። ሥራው ለጊዜው ይሄድለታል፤ አልፈርድበትም፣ ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞበታል። ነገር ግን የላከው የመሬት ይዞታ ማስረጃ፣ የግብር ከፋዮች ዝርዝር፣ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ስም ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ወጥቶ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ገባ። ያ ሠራተኛ ሲዛወር፣ ስልኩ ሲጠፋ፣ ደብዳቤው አብሮ ይሄዳል። በነጩ ወረቀት ዘመን የወጪና የገቢ መዝገብ የሚይዙት እናቶቻችንና አባቶቻችን አንዲት ደብዳቤ ያለ ቁጥርና ያለ ቀን አትወጣም ብለው ይከራከሩ ነበር። እኛ በተሻለ መሣሪያ የባሰ መዝገብ ልንይዝ አይገባም። ሕጉም ከእነርሱ ጋር ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዝ ተቋም እንዲጠነቀቅበት ግዴታ ጥሏል። ኢሜይል መመለሱ የቴክኒክ ጉድለት ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ይህን ያስብበት።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር ልግባ። አድራሻ ስንል ሁለት ነገር አለ፤ ሰው የሚያየው ስምና ማሽኑ የሚመራበት አድራሻ። እናንተ ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ዛሬ መንዝ ጌራ ምድርና መንዝ ቀያ ገብርኤል የምንላቸው ወረዳዎች ቀድሞ አንድ ወረዳ ነበሩ። መንዝ ማማ ምድርና መንዝ ላሎ ምድርም እንዲሁ። ወረዳ ከተከፈለ በኋላ በቀድሞው ስም የተጻፈ ደብዳቤ ቢመጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ጉዳዩን ታነብባለች፤ ቀበሌውን አይታ ይህ የቀያ ገብርኤል ነው፣ ይህ የጌራ ምድር ነው ብላ ትመራዋለች። ሰርቨር እንዲህ ያለ ማስተዋል የለውም። «እንዲህ የሚባል ተቀባይ የለም» ብሎ ይመልሳል። ሠራተኛዋ በጭንቅላቷ የያዘችውን ዝምድና፣ ማለትም የድሮው ስም የዛሬው የማን እንደሆነ፣ ለሰርቨሩ በጽሑፍ ካልሰጠነው ከየትም አያመጣውም። አብዛኛው ጥገና ይህንን መጻፍ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ እንግዲህ ማንበብ ነው። የተመለሰውን መልእክት አንብቡት! ብዙ ሰው «አልሄደም ይላል» ብሎ ይደውላል፤ ምን እንደሚል ሲጠየቅ አጥፍቶታል። እንግሊዝኛው ረጅም ነው፣ ፊደልና ቁጥር የተደበላለቀበት ነው፣ ያስፈራል። ግን ሊረዳችሁ የመጣ ምስክር ነውና አታባርሩት። ለሠራተኞቻችሁ ንገሩ፤ ተመላሽ መልእክት አይጥፋ፣ ከላይ እስከ ታች ሙሉው ይቀመጥ።

በውስጡ ሦስት አኃዝ ያለው ኮድ ታገኛላችሁ፤ ለምሳሌ 5.1.1። የመጀመሪያው ቁጥር 4 ከሆነ ሰርቨሩ «ለጊዜው አልተቻለም፣ ደግሜ እሞክራለሁ» ማለቱ ነው። 5 ከሆነ ቁርጥ ያለ እምቢታ ነው፤ ምክንያቱን ሳታስተካክሉ መቶ ጊዜ ብትልኩ መቶ ጊዜ ይመለሳል። ሁለተኛው ቁጥር ችግሩ የት እንዳለ ይጠቁማል፦ 1 ስለ አድራሻ፣ 2 ስለ ፖስታ ሳጥኑ፣ 4 ስለ መስመርና ጉዞ፣ 7 ስለ ፈቃድና ደኅንነት። ይህ ኮድ የአንድ ኩባንያ ፈጠራ አይደለም። የኢሜይል መላላኪያ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 በጆን ፖስተል ከተጻፈ ወዲህ እየተስፋፋ የመጣ የጋራ ቋንቋ ነው፤ ዓለም ከተማ ያለው ሰርቨርና ቶኪዮ ያለው ሰርቨር በዚሁ ይግባባሉ።

ከኮዱ ቀጥሎ የምታዩት «እምቢ ያለው ማን ነው?» የሚለውን ነው። የመለሰው ሰርቨር ስም በመልእክቱ ላይ ተጽፏል። «ሪሲቭድ» የሚሉት መስመሮችም አሉ፤ እነርሱን ከታች ወደ ላይ አንብቧቸው፣ የታችኛው መነሻው ነውና። ያ ስም የአሮጌው ሰርቨር ከሆነ ግማሹ ሥራ አለቀ። የድሮውን አድራሻ የያዘውን አገኛችሁት ማለት ነው።

ሁለተኛው ነጥቤ የላኪው ኮምፒዩተር ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም በኤክስቼንጅ ሰርቨርና በአውትሉክ የኢሜይል ፕሮግራም የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች ከሁሉ በላይ የሚታመሱት በዚህ ነው።

ምልክቱ ግራ ያጋባል። ሠራተኛዋ የባልደረባዋን ሙሉ የኢሜይል አድራሻ በእጇ ስትጽፍ ይደርሳል። ከሁለት ፊደል በኋላ አውትሉክ ራሱ የሚያቀርብላትን ስም ስትመርጥ ይመለሳል። ከዝውውሩ በፊት ለተጻፈላት ኢሜይል መልስ ስትሰጥም ይመለሳል። ስሙ አንድ፣ ሰውየው አንድ! «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» ትላለች፤ ባለሙያውም ኔትወርኩን ይጠረጥራል። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም።

የሆነው ይህ ነው። ኤክስቼንጅ በራሱ ሠራተኞች መካከል መልእክት ሲያመላልስ ሁላችን በምናውቀው አድራሻ አይመራም። እ.ኤ.አ. በ1988 ከወጣው ኤክስ 500 ከሚባለው የአድራሻ ማውጫ ደረጃ የተወረሰ ረጅም የውስጥ መለያ አለው፤ ድርጅቱን፣ ክፍሉን፣ ሰውየውን በተዋረድ የሚጠራ። አውትሉክ የሚያስታውሰው፣ በድሮ ኢሜይሎች ውስጥም ታትሞ የቀረው ያ መለያ ነው። አዲስ ሰርቨር ላይ ለዚያው ሠራተኛ አዲስ ሳጥን ሲከፈት አዲስ መለያ ይሰጠዋል። ስሙ ሳይለወጥ መለያው ተለወጠ። የድሮውን የያዘ መልእክት ሲመጣ አዲሱ ሰርቨር አያውቀውም፤ 5.1.1 ብሎ ይመልሳል። በተመለሰው መልእክት ውስጥ በ«አይ.ኤም.ሲ.ኢ.ኤ.ኢ.ኤክስ» ፊደላት የሚጀምር የተወሳሰበ አድራሻ ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልጋችሁም፤ ችግሩ ይህ ነው።

ፈጣኑ መፍትሔ አውትሉክ የሚያቀርበውን ስም ከዝርዝሩ አጥፍቶ ተቀባዩን ከመሥሪያ ቤቱ የአድራሻ ማውጫ እንደገና መምረጥ ነው። ይህ ግን የአንዷን ሠራተኛ የአንድ ቀን ችግር ብቻ ይፈታል። የድሮ ኢሜይሎች፣ የድሮ የስብሰባ ቀጠሮዎች አሁንም የድሮውን መለያ ይዘዋል፤ ሌሎቹ ሠራተኞችም እንዲሁ። ትክክለኛው መፍትሔ ያንን የድሮ መለያ በአዲሱ ሳጥን ላይ እንደ ተጨማሪ የኤክስ 500 አድራሻ መመዝገብ ነው። ያን ጊዜ ሰርቨሩ የድሮውን ስም ሲያይ «ይህ የእኛው ሰው ነው» ይላል።

መለያውን ከየት ታገኙታላችሁ? ከተመለሰው መልእክት ራሱ። የመጀመሪያዎቹን መነሻ ፊደላትና ከእነርሱ ቀጥሎ ያለውን ሰረዝ አውጡ፤ ከ«@» ጀምሮ ያለውን የመጨረሻ ክፍልም አውጡ። በቀረው ላይ የግርጌ ሰረዙን «_» ሁሉ ወደ «/» ለውጡ። «+20» ያለበት ባዶ ቦታ ነው፤ «+28» ቅንፍ መክፈቻ፣ «+29» ቅንፍ መዝጊያ፣ «+2ኢ» ተብሎ የሚነበበው ነጥብ ነው። አንዲት ፊደል ብትስቱ አይሠራም፤ ስለዚህ ገልብጡ እንጂ በእጃችሁ አትጻፉ። ለአንድ ሰው ከሞከራችሁ በኋላ ለሁሉም ሠራተኛ ከአሮጌው ሰርቨር ዝርዝሩን በአንድ ጊዜ አውጥታችሁ መጫን ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያው ኢሜይል የሚመለስባቸውን ሠራተኞች ሳጥን እያጠፋ እንደገና ይከፍት ነበር። ሐሳቡ ቀና ነበር፤ ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ሆነ። እንደገና በከፈተ ቁጥር ሌላ አዲስ መለያ ተፈጠረ። በመጀመሪያው ጥገና ጊዜ የተላኩት ኢሜይሎችም በተራቸው «የድሮ» ሆኑ፤ ለእነርሱ የሚሰጠው መልስም መመለስ ጀመረ። ሳጥን አታጥፉ። አድራሻ ጨምሩ እንጂ ሰውን እንደገና አትፍጠሩ።

ሦስተኛው ነጥብ አሮጌው ሰርቨር ነው። ዝውውሩ አልቋል ብለን ረስተነዋል፤ እሱ ግን አልረሳንም። በማዋቀሪያው ውስጥ «የዚህ ዶሜይን ባለቤት እኔ ነኝ» የሚለው ቃል እስካልተሰረዘ ድረስ፣ በእሱ በኩል የሚያልፍ የውስጥ ኢሜይልን ሁሉ ለአዲሱ ሳያስተላልፍ ራሱ ሊያደርስ ይሞክራል። ሳጥኑ ከጠፋ ይመልሳል። ሳጥኑ ካልጠፋ የባሰ ነው፤ ማንም በማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ላኪውም ደረሰ ብሎ ይጠብቃል። ከሚመለስ ኢሜይል ይልቅ ያለ ድምፅ የሚቀመጠው ያስፈራኛል።

የተለመደው አጋጣሚ ድረ ገጹ በአሮጌው ቦታ ቀርቶ ኢሜይሉ ብቻ ሲዛወር ነው። ከድረ ገጹ ላይ ሕዝብ የሚሞላው የአስተያየት ቅጽ ኢሜይል የሚልከው ከዚያው ሰርቨር ስለሆነ ወደ ውጭ ሳይወጣ እዚያው ይቀራል። በሲፓኔል የምትሠሩ «ኢሜይል ራውቲንግ» የሚለውን ከ«ሎካል» ወደ «ሪሞት» መለወጥ ነው። በፖስትፊክስ የምትሠሩ «ማይ ዴስቲኔሽን» በሚለው መስመርና በቨርቹዋል ዶሜይኖች ዝርዝር ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ ዶሜይን ቀርቶ እንደሆነ እዩና አውጡት።

ግማሹ ሠራተኛ አዲሱ ላይ፣ ግማሹ አሮጌው ላይ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ካለ ደግሞ አዲሱም እንዲሁ ሁሉን አውቃለሁ ማለት የለበትም። በኤክስቼንጅ ዶሜይኑ «አውቶሪታቲቭ» ከተባለ ሰርቨሩ የማያውቀውን ተቀባይ ሁሉ የለም ይላል፤ «ኢንተርናል ሪሌይ» ከተባለ ያላገኘውን ለሌላው ያሳልፋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሁለቱም ለየራሳቸው «ያላገኘሁትን ለሌላው» ካሉ ነው። በየትኛውም ያልተገኘ ስም በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ቆይቶ በ5.4 የሚጀምር ኮድ ይዞ ይመለሳል። ሁሉ ሰው ሲዛወር ቅንብሩን ወደ ቦታው መመለስም አይረሳ።

ዲ.ኤን.ኤስ.ን በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነውና። ሁለት ነገር ብቻ ልበል። መሥሪያ ቤቱ የራሱ የውስጥ ዲ.ኤን.ኤስ. ካለው፣ ውጭ ያለው ተስተካክሎ ውስጡ እንደ ድሮው ሊቀር ይችላል፤ ሁለቱንም ጠይቁ። ሌላው፣ ኢሜይል ተቀባዩን ሰርቨር በሚናገረው የኤም.ኤክስ. መዝገብ ላይ አሮጌውን ሰርቨር «ለመጠባበቂያ» ብላችሁ በሁለተኛ ደረጃ አትተዉት። አዲሱ ለአፍታ ባልመለሰ ቁጥር ኢሜይሉ ወደዚያ ይሄዳል።

ስካነርና ፎቶ ኮፒ ማሽንም የድሮውን አድራሻ ከያዙት መካከል ናቸው፤ የአይ.ፒ. ቁጥሩ በውስጣቸው ተጽፎ ቀርቷል። «ለሁሉም ሠራተኞች» የሚለው የቡድን አድራሻም በብዛት የሚቀበለው ማንነታቸውን ካረጋገጡ የውስጥ ላኪዎች ብቻ ስለሆነ፣ ማሽኑ ያለ ይለፍ ቃል ሲልክ እንደ ውጭ ሰው ቆጥሮ በ5.7.1 ይመልሰዋል።

አሁን ስለ እኛ ደጋ አንድ ልዩ ነገር ልናገር። ተመላሽ የሚመስል ግን ያልተመለሰ ኢሜይል አለ።

የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን የሚያገናኘው የመንግሥት ኔትወርክ ወረዳ ኔት በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሲዘረጋ ብዙዎቹ ወረዳዎች የተገናኙት በሳተላይት ነበር። መልእክት ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚገኝ ሳተላይት ወጥቶ አዲስ አበባ ወዳለው ማእከል ይወርድ ነበር። ዛሬ መስመሩ ተሻሽሏል፤ የጉዞው ነገር ግን መልኩን ቀይሮ አለ። የኢሜይል ሰርቨሩ ከግቢያችሁ ወጥቶ ወደ ሩቅ የመረጃ ማእከል ሲዛወር፣ ከሰው ሀብት ክፍል ወደ ፋይናንስ የሚላከው ደብዳቤ ከሕንጻው ወጥቶ፣ ከተራራው ወርዶ፣ ሩቅ ሄዶ ይመለሳል። ቀድሞ ኢንተርኔት ቢቋረጥ የውስጥ ኢሜይል ይሠራ ነበር፤ አሁን አብሮ ይቆማል። ይህን ሠራተኞቻችሁ ከዝውውሩ በፊት ሊነገራቸው ይገባል፤ አለበለዚያ መብራት በጠፋ ወይም ኬብል በተቆረጠ ቁጥር «አዲሱ ሰርቨር አይረባም» የሚል ፍርድ ይሰጣል።

መስመር ሲቋረጥ የሚመጣው ኮድ በ4 የሚጀምር ነው፤ «ዘግይቷል» ይላል እንጂ «ቀርቷል» አይልም። ፖስትፊክስ በፋብሪካ ቅንብሩ 5 ቀን ይሞክራል፤ ኤክስቼንጅ 2 ቀን። በ2 ቀን ውስጥ የማይጠገን መስመር ያለበት ወረዳ ላይ የምትሠሩ ይህን ጊዜ አራዝሙት፤ ማዋቀሪያው ይፈቅዳል። ሠራተኛውም የማዘግየት ማስታወቂያ ባየ ቁጥር ደግሞ ደጋግሞ አይላክ፤ መስመሩ ሲመለስ ተቀባዩ አንዱን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል፣ መዝገቡም ይበላሻል።

በመጨረሻም ዝውውር ገና ለሚጠብቃችሁ። ከዝውውሩ ጥቂት ቀናት በፊት የዲ.ኤን.ኤስ. መዝገቡን የቆይታ ጊዜ አሳጥሩት፤ 86,400 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ቀን ከሆነ ወደ 300 አውርዱት፤ ለውጡ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። የሠራተኞችን የድሮ መለያና ተለዋጭ አድራሻዎች ሁሉ አሮጌው ሰርቨር ሳይዘጋ አውጥታችሁ አስቀምጡ። የጡረተኞችንና የተዛወሩትን ስም ጭምር፤ ለእነርሱ የተላኩ ጉዳዮች ዛሬም መልስ ይጠብቃሉና። ሙከራችሁ ከራሳችሁ ጂሜይል አንድ ኢሜይል ልኮ ደረሰ በማለት አይለቅ። ያ ፈተና ሁልጊዜ ይታለፋል፤ ጠይቆ የሚደርሰው እንግዳ ነውና። ከአዲስ ሳጥን ወደ አዲስ ሳጥን፣ ካልተዛወረው ወደ ተዛወረው፣ ከተዛወረው ወዳልተዛወረው፣ ወደ ቡድን አድራሻ፣ ከስካነሩ፣ ከድረ ገጹ ቅጽ ሞክሩ። ከሁሉም በላይ ከዝውውሩ በፊት የተጻፈ የቆየ ኢሜይል ፈልጋችሁ ለእሱ መልስ ስጡ። አሮጌውን ሰርቨርም ቶሎ አታጥፉት፤ በላዩ የሚያልፈውን መዝገብ በየቀኑ እያያችሁ፣ ማን አሁንም ወደ እሱ እንደሚልክ ስሙን እያወጣችሁ አንድ በአንድ አስተካክሉ። ወደ እሱ የሚመጣ ኢሜይል ሲያልቅ ያን ጊዜ ዝጉት።

በጥሪው ላይ የተመለሰባችሁን መልእክት አትማችሁ ወይም በስልካችሁ ይዛችሁ እንድትመጡ ጠይቄ ነበር። የሰዎች ስምና የጉዳዩ ይዘት እንዳይታይ ሸፍኑትና ኮዱንና የመለሰውን ሰርቨር ስም ብቻ አንብቡልን። ሰሌዳው ላይ እየጻፍን አብረን እንፈልጋለን፤ ከዓለም ከተማ በመጣችሁት እንጀምር።